በልዋጭ የሰጠኋት መኪና

አሁን አሁን ሆሳዕና ውስጥ አሮጌ የጭነት መኪና ያለው ሰው ሰላምታ ይበዛለታል። ድሮ እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ቆመው የልጆቼን ጤና ይጠይቃሉ፤ ቀጥለውም «መኪናዋ እንዴት ናት? አትሸጪያትም?» ይላሉ። አዲስ መኪና የማይቀመስ ሆኗል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች ደግሞ ለአባቶቻቸው ብር ሲልኩ መጀመሪያ የሚገዛው የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ የትናንቱ ቆርቆሮ በየወሩ ይወደዳል። እኔ ግን ቆርቆሮ ብሎ የጠራት ማን እንደሆነ አልረሳሁም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። አሮጌ መኪና እየገዛ የሚሸጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በከተማው የተከበረ ሰው። ባለቤቴ የሞተ ሰሞን፣ ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሳይወጣ፣ «ያንን ቆርቆሮ ስጪኝና በባጃጅ ልለውጥልሽ። ሴት ልጅ የጭነት መኪና ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግነት መስሏቸው ነው። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩና ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ በሳምንቱ ቁልፍ ሊወስድ መጣ፤ ባዶ እጁን መለስኩት። ከዚያ በኋላ «ጋቢና ውስጥ ከሾፌር ጋር የምትዞረዋ» እያለ ያነሳኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። የነገሩኝም ሰዎች አብረው ስቀው እንደነበር አውቃለሁ።

እውነት ነው፣ ዞሬያለሁ። ሾፌር ቀጥሬ፣ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ከሞርሲቶ ድንች፣ ከሾኔ በቆሎና በርበሬ ጭነናል። የዳምቦያ ሴቶች ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው እግሬ ስር ያስቀምጡና ሆሳዕና ላለ ዘመዳቸው እንዳደርስላቸው አደራ ይሉኝ ነበር። ክረምት ጭቃ ሲይዘን ሰዉ ከእርሻው ወጥቶ እየዘመረ ይገፋናል፤ መኪናዋ ስትላቀቅ ሁላችንም በጭቃ ተለቅልቀን እንስቃለን። በብርድ የሞተሩ ሙቀት ጉልበቴ ድረስ ይመጣል። በርበሬ የጫንን ቀን ሾፌሩ ሲያስነጥስ እኔ እቀጥላለሁ፣ እኔ ስጨርስ እሱ ይጀምራል። ልጆቼን በእሷ አሳደግሁ። ከዚያ የተሻለ ዘመን አይቻለሁ ብል እዋሻለሁ።

ዘንድሮ ግን ደከመች። ጭነት ይዛ ዳገት መውጣት አቃታት፤ ድንቹ መንገድ ላይ ማደር ጀመረ። የሞርሲቶ ነጋዴዎች «እናታችን፣ ሌላ መኪና ካላመጡ ጭነቱን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አሉኝ። ከጭነቱ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። አሮጌ መኪና ተቀብሎ፣ ልዩነቱን አስጨምሮ፣ ሻል ያለ የሚሰጥ ነጋዴ ደግሞ በከተማው ያው የባለቤቴ ወንድም ብቻ ነው። እንደምመጣ ሰው ላክሁበት፤ በሳምንቱ ሾፌሬን ይዤ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ከአንድ ደላላ ጋር ቆሞ አገኘሁት። መኪናዬን ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ይቺ እኮ ለቁራሌው ነው የምትሆነው።»

«ቁራሌውስ ከአንቱ ቀድሞ ጠይቆኛል፣ ጋሼ።»

ደላላው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ስለ ወንድሜ ብዬ ነው እንጂ እንኳን ልለውጣት ግቢዬም አላስገባት» አለና ዋጋ ጠራ። በዚያ ዋጋ ከሆነ የሚቀረውን ልዩነት ቤቴን ብሸጥም አልሞላውም።

ይሄኔ ባለቤቴ ይለው የነበረው ትዝ አለኝ። «ወንድሜን ማመን ከፈለግሽ ዓይኑን እስኪጨፍን ጠብቂ» ይለኝ ነበር። ገበያ ላይ ይዋሻል፤ ሲጸልይ ግን አይዋሽም። ከማንም ጋር ሲዋዋል አስቀድሞ ይጸልያል። የእኔ ተራ ሲደርስ ጸሎቱን ዘለለው።

«ጋሼ፣ ሳንጸልይ ነው እንዴ የምንነጋገረው?»

ደላላው ኮፍያውን አወለቀ። ጋሼም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ እምቢ ማለት አይችልም። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ፤ እንደ ልማዱም እየሞቀው ሄደ። ስለ ዝናቡ አመሰገነ። ስለ ወንድሙ አመሰገነ፤ እዚህ ላይ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ቀጥሎም «ለዚችም መኪና ገና ሳትመጣ ከሾኔ ገዢ ስላዘጋጀህልን ስምህ ይባረክ» አለ።

አለና ቆመ። ዓይኔን ገለጥኩ። የእሱም ተገልጦ ነበር።

«አሜን!» አልኩ ጮክ ብዬ። «የሾኔው ሰው ስንት አለ?»

«እሱ እኮ ገና ወሬ ነው።»

«ወሬ ከሆነ ለጌታ ለምን ነገሩት?»

ደላላው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁን ሲጨርስ «እትዬ፣ ሰውየው ልጁ ከደቡብ አፍሪካ ልኮለት ነው። ሞተሯን ሊያሳድስ ነው የፈለጋት» ብሎ ዋጋውን ተናገረ። ለእኔ ከተጠራው እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ አጭር ሆነ። ከሾኔው ሰው ዋጋ ላይ ለጋሼ ልፋት ጥቂት ተውኩለት፤ የቀረውን ለመኪናዬ አሰበልኝ። ልዩነቱ የምችለው ሆነ። ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት ጋቢናው ውስጥ ወጥቼ ባለቤቴ ይይዘው የነበረውን መሪ ዳሰስኩት። አላለቀስኩም። እነሱ ባሉበት አላለቅስም።

ስወርድ እጁን ዘረጋልኝ። «እንግዲህ የድሮውን ይቅር ብለሽኛል። አብረሽኝ አሜን ብለሻል።»

«አሜን ያልኩት ለመኪናዋ ነው፣ ጋሼ።»

እጁን ግን ጨበጥኩት፤ ደላላው እያየ ነበር። የሞርሲቶው ድንች በማግስቱ ተጫነ።