ኪስ ውስጥ የበቀለው አብሽ

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስለምስቅ፣ ጎረቤቶቼ «ሰውየውን ነካ አደረገው» ማለት ጀምረዋል።

ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። አንድ ቀን ራሄል የምትባል ወጣት መጣች። መምህርነት እየተማረች ነው፤ ለልምምድ እዚሁ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ተመድባለች። ልጆቹን የከተማ ግብርና ልታስተምር፣ በተቆረጡ ጀሪካኖች አፈር ሞልታ የሚዘራ ነገር ትፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ይኼ አብሽ ይበቅላል?» አለችኝ።

«እንኳን አፈር ላይ፣ ኪስ ውስጥም ይበቅላል» አልኳት። ነጋዴ ነኝ፣ ሌላ ምን ልበላት?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊቷን አጥቁራ ተመለሰች። አንዲት ፍሬ እንኳ አልበቀለችም። ሁለት ተማሪዎች «ውሃ ያበዛኸው አንተ ነህ» ተባብለው ተቧቅሰዋል። የቀሩት ደግሞ አፈሩ ከቆሼ የመጣ ነው ብለው ያማሉ። ከሁሉ የባሰው፣ ከኮሌጇ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቶ ሊገመግማት ነው። ከወደቀች ልምምዱን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«አፈሩ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። እጄ አብሹ ጆንያ ውስጥ ነበር። ያኔ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ደንበኞቼ በቀጥታ ወፍጮ ቤት እንዲወስዱት ቆልቼ ነው የምሸጠው። በሠላሳ ዓመት ንግዴ ልዝራው ብሎ የገዛኝ ሰው ስለሌለ ትዝም አላለኝ።

አፈሩ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር። እነዚያን ሁለት ቦክሰኞች ሳስብ ግን አቃተኝ።

«የኔ ልጅ፣ የሸጥኩልሽ የተቆላ ነው» አልኳት።

ከጆንያው ቆንጥራ አሸተተችው። ከዚያ በርበሬው ጆንያ ላይ ዘጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። በርበሬው አፍንጫዋ ሲገባ ማስነጠስ ጨመረችበት። «ሁለት ሳምንት ሙሉ የወጥ ቅመም ነው ውሃ ስናጠጣ የከረምነው?» አለች። እኔም አላስቻለኝም።

ዓይኗን ጠራርጋ ተነሳችና፣ «እንግዲያው ነገ ጠዋት መጥተው ለልጆቹ እርስዎ ይንገሩልኝ። ጥሬውንም ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ስልሳ ልጅ አፍጥጦብኛል። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ታቅፎ ከኋላ ተቀምጧል። የሰርጌ ዕለት እንኳ እንዲህ አላላበኝም። እንደምንም ተናዘዝኩ። አንዲት ሚጢጢ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቢቆሉት ለምንድን ነው የማይበቅለው?»

«ውስጡ ያለው ሕይወት በእሳቱ ስለሚሞት ነው።»

«ታዲያ ሲሸጡልን ሞቶ ነበር?»

ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ወደ አፉ አስጠጋ።

ራሄል ጥሬውንም የተቆላውንም ለልጆቹ አደለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ለየብቻ ጠቅልለው ቤታቸው እንዲከታተሉ ነገረቻቸው። ሁለቱ ቦክሰኞች አንድ ላይ ተመደቡ።

«ይህን ሙከራ አስቀድመሽ ያቀድሽው ነው?» አላት ሱፐርቫይዘሩ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ያኔ ገና ስትገዛኝ...» ብዬ ልገባ ስል ቀደመችኝ።

«አይደለም። የተቆላ መሆኑን ያወቅሁት ትናንት ነው።»

ሰውየው እየሳቀ ጻፈ። አለፈች።

በሦስተኛው ቀን ያቺ ሚጢጢ ልጅ ሱቄ መጣች። ደንበኞች እያዩ ከዩኒፎርሟ ኪስ እርጥብ ጨርቅ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ፈታችው። ጥሬው አብሽ ነጫጭ ጭራ አብቅሏል። ከኪሷ አንድም ቀን አላወጣችውም።

«ኪስ ውስጥም ይበቅላል ማለትዎን ቲቸር ነግራናለች» አለችኝ። «እውነትዎን ነው።»

አሁን አንዱ ጆንያ ላይ «የተቆላ»፣ ሌላው ላይ «ጥሬ» ብዬ ጽፌያለሁ። በሠላሳ ዓመት ለደንበኛ ከፎከርኩት ሁሉ እውነት ሆኖ የተገኘው ያ የኪሱ ነገር ብቻ ነው። እሱንም ያረጋገጠችልኝ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንዴት አልስቅ?