የዳማው ይግባኝ

የእኔን ባል በጊንጪ ገበያ ፉፋ ብሎ የሚጠራው የለም። በእኛ አገር ደህና ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ነው፤ የእሱ ፈረስ መልኩ ዳማ ስለሆነ እሱም አባ ዳማ ነው። እኔማ «ያገባኸው እኔን ነው ፈረሱን?» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ከመንገድ ዳር ካለ ፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ ደግፌ የሚባል መጣና ዳማን ከታሰረበት ፈትቶ ወሰደው። ለሥራ ፈልገነው ነው፣ እንመልሳለን አለ። ፉፋ ጠብቆ ጠብቆ ሊጠይቅ ቢሄድ «ባለቤት የሌለው፣ መንገድ ላይ የተገኘ ፈረስ ነው» አሉት። ዓይን ያወጣ ውሸት! ፉፋ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ገበሬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እህል ሳይቀምስ አምቦ ወርዶ ጣቢያውን ከሰሰ።

ክሱ ውድቅ ሆነ። ፈረሱ የእሱ ለመሆኑ ማስረጃ አላቀረበም ተባለ። ማን ይመስክርለት? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ ፖሊስ ፈርቶ አፉን ለጎመ። እኔም «በማርያም ተወው፣ እንዳያስሩብኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ሂን ዲሱ» አለኝ። አልተውም ማለቱ ነው። «ዛሬ ዝም ካልኩ ነገ በሬዬን ይፈቱታል።» አዲስ አበባ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ይግባኝ አለ።

በቀጠሮው አብሬው ችሎት ገባሁ። ጣቢያውን ወክሎ የመጣው ራሱ ደግፌ ነው፤ የእኛው የጊንጪ ልጅ። ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባ ዳማ የፈረሱ ባለቤት መሆኑን አላስረዳም።»

ዳኛው ቀና አሉ። «አባ ዳማ ደግሞ ማነው?»

«ይግባኝ ባዩ ነው።»

«መዝገቡ የሚለው ፉፋ ነው። አባ ዳማ ለምን አልከው?»

«ሁሉም የሚጠራው እንደዚያ ነው፤ በፈረ...» ቃሉን ዋጠው።

ዳኛው አልለቀቁትም። «ጣቢያችሁ ያለው ፈረስ መልኩ ምንድን ነው?»

«ዳማ።»

«ሰውየውን እንዲህ ስትጠራው የነበረው ፈረሱን ከመውሰድህ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት» አለ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔማ እልል ልል ስል የችሎቱ ፖሊስ አፈጠጠብኝ። የመጀመሪያው ፍርድ ተሻረ፤ ዳማም አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ቢሆንም በሕይወቱ ተመለሰልን። ፉፋ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

ዓመት አልፎ አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ደግፌ ነው፣ ያለ መለዮ። ጣቢያው ከሥራ አባሮት፣ ከሶ ክሱ ውድቅ ሆኖበት ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ኦቦ ፉፋ፣ ይግባኝ የሚባለው እንዴት ነው?» አለ።

ምን ቆርጦት መጣ! በሩን ልዘጋበት ስል ፉፋ ጋቢውን ደርቦ ተነሣ። «ቶሎ በል፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አለውና አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄደ። እኔ ያገባሁት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።