ውሃው የሚደርስበት ቦታ

ወይዘሮ ጋዲሴ ቱሉ የሚኖሩት ከእንጦጦ ወርዶ የካን በሚያቋርጥ ወንዝ ዳር ነው። አባታቸው እዚሁ ገብስ ያርሱ ነበር። ዛሬ ከእርሻው የቀረችው ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙባት ቁራጭ መሬት ብቻ ናት፤ ሌላውን «ለክተን እንመለሳለን» ያሉ ሰዎች ለክተው ወስደውታል። ስለዚህ ሜትር የያዘ ሰው ሲያዩ ሆዳቸው ይጠረጥራል።

ግንቦት ላይ ትሕትና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ምልክት የምታደርግበት ቀይ ቀለም ይዛ መጣች። በወንዙ ዳር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሊሠራ ነው።

«እማማ፣ ክረምት ላይ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?»

እስከ ወይራው ግንድ እንደሚደርስ ወይዘሮ ጋዲሴ ያውቃሉ። ወይራው ግን ከቤታቸው ግድግዳ አጠገብ ነው። እዚያ ቀለም ከተቀባ ነገ ቤቱም የወንዙ ነው ተብሎ ይፈርሳል።

«እዚህ ድረስ» አሉ፣ ከውሃው ብዙ የማይርቅ ድንጋይ በእግራቸው እየነኩ።

ትሕትና ጽፋ፣ ፈገግ ብላ አመሰገነች። ፈገግታዋም አላማራቸውም። «ምን አግኝታ ነው?» አሉ በሆዳቸው።

ሥራው ተጀመረ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጉዲሳ በአጥር በኩል ብቅ ብሎ፣ «ከወይራው ዝቅ ብሎ ያለው ሜዳ የልጆች መጫወቻ ሊሆን ነው አሉ» አላቸው።

ወይዘሮ ጋዲሴ ምሳቸውን ትተው ተነሡ። እዚያው ሜዳ ላይ የአባታቸውን ሁለት ጥጆች ደራሽ ውሃ ሲወስድ በዓይናቸው አይተዋል። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሠራተኞቹ ወዳሉበት የቆርቆሮ ቤት ሄዱ።

«መጀመሪያ ቀለሙን አስቀምጪ» አሏት ትሕትናን። አስቀመጠች። «ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ። ውሃው ወይራው ድረስ ይመጣል።»

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«ለሚለካ ሰው ያሳየሁት ሁሉ ተወስዶብኛላ! ቤቴንስ ልታስፈርሺው ነው?»

«ቤትዎ አይነካም ብዬ ቃል መግባት አልችልም፤ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም። መጫወቻውን ግን ዛሬውኑ ከዚያ አስነሳለሁ።»

ወይዘሮ ጋዲሴ በዚህ ጊዜ ጥቂት አመኗት። እስካሁን የከዷቸው ሁሉ ቃል የገቡላቸው ነበሩ። ወይራው ድረስ መርተው ወሰዷት።

መጫወቻው ከዳገቱ በላይ ተሠራ። መንገዱም ከውሃው እንዲርቅ ወደ ላይ ሲገፋ ሁለት መደብ ጎመን ወሰደባቸው። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ማንም አልነበረበትም።

ስለ ቤቱ እስካሁን ደብዳቤ አልመጣም። ወይዘሮ ጋዲሴ ግን በር ያንኳኳ ሁሉ ማን እንደሆነ ሳይናገር አይከፍቱም። ትሕትናን እንኳ ሻይ እያቀረቡላት ቦርሳዋን አንዴ ገልመጥ ያደርጉታል።