የዘይነባን ልጅ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በጥቅምት ወር፣ በጠዋቱ ባቡር ነው። ለጉዞዬ ምክንያት የሆነችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ እኔ ልብስ ስፌት በማስተምርበት የሴቶች ማሰልጠኛ የተጠጋች የድሬዳዋ ልጅ ነበረች። ለቤት ሠራተኝነት ተብላ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ፣ በር እየተቆለፈባት ያለ ደመወዝ ለዓመታት ስትሠራ ኖራ አምልጣ የመጣች ሴት ናት። እኛም አልጋ ሰጠናት፣ አሳከምናት፣ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጥናት። እሷ ግን መርፌውን ትታ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

አንድ ቀን ምን እንደሆነች ጠየቅኳት።

“እናቴና ልጄ ድሬ ናቸው” አለችኝ። “የሚኖሩት ደግሞ እኔን ለደላላ በሰጠችው በአክስቴ በሐሊማ ቤት ነው። መመለሴን ብትሰማ ታስወጣቸዋለች።”

ራሷ ለመሄድ ስለፈራች እኔ ልሂድልሽ አልኳት። የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ብዙ ተመላለስኩ፤ የጉዞዬን ምክንያት “ዘመድ ጥየቃ” ብዬ አስሞላሁ።

በባቡር

ናዝሬት ላይ ብርቱካን ገዛን። መተሐራ አካባቢ ምድሩ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። አዋሽ ላይ ወታደሮች ገብተው የይለፍ ወረቀታችንን አዩና ምሳ እንድንበላ ለቀቁን። ሚኤሶ ስንደርስ ሴቶች የግመል ወተት በመስኮት አቀበሉን፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ግን ጥም ይቆርጣል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ የምትሸጣቸው ቀሚሶች በፍተሻ እንዳይወሰዱባት ብላ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ለብሳ ላቧ ይንጠፈጠፋል። ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ልጆች ጠየቅኳት።

“በዚሁ ሐዲድ ነው የሚወጡት” አለች። “አምረው፣ ሂና ተቀብተው። ሲመለሱ ግን አይቼ አላውቅም።” 

ድሬዳዋ

ሊመሻሽ ሲል ደረስን። ከባቡር ጣቢያው በጋሪ ወደ ሳቢያን ሰፈር ሄድኩ። እዚያ የቀድሞ ተማሪዬ አስካለ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፈጢራ የሚባለውን ስስ ቂጣ በማር፣ ከሻይ ጋር አብልታ ሸኘችኝ። ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በእግሬ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ገባሁ። የሐሊማን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

የዘይነባ እናት ወይዘሮ መርየማ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ሌላ ሰው አልነበረም።

“ዘይነባ ልካኝ ነው” አልኳቸው።

“ከዓረብ አገር መጣሽ?”

“ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ዘይነባም ያለችው እዚያው ነው።”

“አንቺ፣ ተሳስተሻል። ልጄ እዚያ አግብታለች። ሐሊማ በየኢዱ ከእሷ የተላከ ጨርቅ ትሰጠኛለች።”

ባል እንደሌላት፣ ጨርቅም ልካ እንደማታውቅ፣ እንዴት እንደኖረችና እንዴት እንዳመለጠች ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው ሩዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

“ልጄ ከሆነች” አሉ፣ “በግራዋ ሆነው ሲያናግሯት ምን ታደርጋለች?”

“ዞር ብላ ቀኝ ጆሮዋን ትሰጣለች።”

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት።  “በልጅነቷ ታማ ነው ግራው የደነቆረው” አሉ ቀስ ብለው።

በዚህ መሐል የዘይነባ ልጅ ሐያት ከጓዳ ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ እንዳይቆሽሽባት በተረከዟ ነው የምትራመደው።

“እንግዳዋ፣ እኔ ጁምዓ እሄዳለሁ” አለችኝ። “አክስቴ እናቴ ጋ ልትወስደኝ ነው። በጅቡቲ አድርገን።”

ወይዘሮ መርየማ አዩኝ። እኔ ደግሞ ጁምዓ ከነገ ወዲያ መሆኑን አሰብኩ።

ሐሊማ የገባችው ያኔ ነው። ወፈር ያለች፣ ሰላምታዋ ሞቅ ያለ ሴት ናት። ምሳ ሳትበላ እንዳትሄድ ብላ ያዘችኝ። ወይዘሮ መርየማ ግን አቋረጧት።

“ሐሊማ፣ ዘይነባ አዲስ አበባ ናት።”

“የቷ ዘይነባ?”

“ልጄ። አስረው አሠሯት። አንቺ ባል አገባች አልሽኝ።”

ሐሊማ የራስ ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች። “እኔ ለሰው ነው የሰጠኋት” አለች። “ከባሕሩ ወዲያ ያለውን በምን አውቃለሁ? አንቺንም ልጅቷንም ያበላሁት ማን ሆነና ነው?”

“አብልተሽናል” አሉ ወይዘሮ መርየማ። “ሐያትን ግን አልሰጥሽም።” ተነስተው ልብሳቸውን በነጠላ ቋጠሩ። ሐያት የሆነው ስላልገባት ጫማዬን ልታስወልቁኝ ነው ወይ እያለች ትጠይቃለች። እናትሽ አዲስ አበባ ናት፣ እኔ እወስድሻለሁ ስላት ተከተለችን። ሐሊማ በሩ ላይ ቆማ ቀረች እንጂ አልከለከለችንም።

ሳቢያን

አስካለ ምንም ሳታንገራግር የጓሮ ክፍሏን ከፈተችልን። በማግስቱ ማለዳ አንድ ጋሪ የወይዘሮ መርየማን ፍራሽ ጭኖ መጣ። ባለጋሪው “ሐሊማ ናት የላከችው፣ ሌላ መልእክት የለም አቦ” አለና አራግፎ ሄደ። አስባላቸው ይሁን ወይም አትመለሱብኝ ማለቷ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አብረን እንድንመለስ ለወይዘሮ መርየማ የይለፍ ወረቀት አልተሰጣቸውም፤ ትንሽ ይቆዩ ተባሉ። እስከዚያው ሳምቡሳ እየጠበሱ ለፋብሪካ ሠራተኞች ሊሸጡ ከአስካለ ጋር ተነጋገሩ። ሐያትን ግን፣ ልጅ የይለፍ ወረቀት ስለማይጠየቅ፣ “ጁምዓ ሳይደርስ ውሰጂልኝ” አሉኝ። በዚያው ዕለት፣ ሐሙስ፣ ተሳፈርን።

መመለስ

 የአዋሽን ድልድይ ስናልፍ ልጅቷ “እናቴን ምን ብዬ ነው የምጠራት?” ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ያለሽን አልኳት።

ማሰልጠኛ ቤቱን የምንመራው ሰዎች እስከዚያ ጊዜ ድረስ የምንረዳው ያመለጠችውን ሴት ብቻ ነበር። ከኋላዋ ማን እንደቀረ፣ የቀረውስ በማን ጣሪያ ሥር እንደሚያድር ጠይቀን አናውቅም። ከዚያ ጉዞ በኋላ አዲስ ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ሆነ። የአስካለን የጓሮ ክፍል ኪራይም ማሰልጠኛው መክፈል ጀመረ።

ለገሃር ስንወርድ ዘይነባ፣ የአስካለ ባል በባቡር ጣቢያ ስልክ መምጣታችንን አስነግሯት፣ መውጫው ላይ ቆማ ነበር። ሐያት አለፈቻት፤ አላወቀቻትም። እኔ ክንዷን ይዤ መለስኳት። 

“ዘይነባ አንቺ ነሽ?” አለች ልጅቷ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ በስሟ ጠርታ።

“አቤት” አለች ዘይነባ።