የጋዜጣው የወርቅ ምስል

…እህቴ ከጋዜጣ ቆርጣ በሊጥ ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ የለጠፈችው ፎቶ። ዛሬ ጠዋት ቴሌቪዥን ላይ አየሁት።

ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ የአሜሪካን ትልቁን የፊልም ሽልማት በዋና ተዋናይነት ያሸነፈው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ፣ ደብረ ብርሃን። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እትዬ አሥራ አራት። በትምህርት ቤታችን ቲያትር ሴት ሆነው የሚጫወቱት እንኳ ወንዶች ነበሩ። እሷ ግን ፎቶውን እያየች "እሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ" ትል ነበር።

አባታችን መሪጌታ ነበሩ። ፎቶው ላይ የታያቸው ሰውየው ሳይሆን በእጁ የያዘው የሽልማቱ የወርቅ ምስል ነው።

"ናቡከደነፆርን ቤቴ አስገባችሁት!" ብለው ቀደዱት። (ጋዜጣው ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ወርቅነቱን ያወቅነው ከጽሑፉ ነው።)

እትዬን ወዲያው ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለእነዋሪ ሰው ዳሯት።

ስድሳ ዓመት ሙሉ አባቴን በዚህ ስወቅስ ኖርኩ። ዛሬም ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለን ያንኑ ደገምኩት፦ "አባባ ባያዩት ኖሮ…"

"የት አይተውት!" አለችኝ። "ያኔ እኮ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። 'እትዬ የወርቅ ጣዖት ለጥፋለች' ብለሽ እጃቸውን ይዘሽ ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ልጅ ነበርሽ።"

እናንተስ፣ በሰው ስታሳብቡት የኖራችሁት ነገር የራሳችሁ ሆኖ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ።

ይህን ስጽፍ እትዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩ ተዘጋ።