ፈሪሳዊ የተባልኩበት ዓመት

አራተኛ ክፍል እያለሁ፣ ጎባ ውስጥ በምንማርበት ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ደንብ ነበረ፤ ለድራማ ልምምድ ያረፈደ ፈሪሳዊ ሆኖ ይሠራል። ሐዋርያት የሚሆኑት ልጆች ነጭ ነጠላ ይለብሳሉ። እኛ አርፋጆቹ ደግሞ የጥቁር በግ ፀጉር አገጫችን ላይ በሙጫ ተለጥፎልን «ይገደሉ!» እያልን እንጮሃለን። እኔ ከቦኖ ውኃ ሳልቀዳ ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድልኝ ሁልጊዜ አረፍድ ነበር። የሙጫው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

መሪያችን ጋሽ ታደሰ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ለእሳቸው ፈሪሳዊ፣ ሰዱቃዊ፣ ጸሐፊ ሁሉም አንድ ነው፤ ክፉ። የዚያ ዓመት ድራማችን ሐዋርያት በአይሁድ ሸንጎ ፊት ሲቀርቡ የሚያሳይ ነበር። ታሪኩን ራሴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳነበው ሌላ ነገር አገኘሁ። ሐዋርያትን ያሳሰሩት ሊቀ ካህናቱና የሰዱቃውያን ወገኖቹ ናቸው። ሸንጎው ሊገድላቸው ሲነሳ «ተዉአቸው» ብሎ የተከራከረላቸው ግን አንድ ፈሪሳዊ የሕግ መምህር ነው። በድራማችን ይህ ሰው የለም፤ ጋሽ ታደሰ በእሱ ቦታ መልአክ አስገብተዋል። ያነበብኩትን መጀመሪያ ያሳየሁት ለልብ ጓደኛዬ ለሰናይት ነበር። ጴጥሮስ እሷ ነበረች። ቀጥሎ ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ያስጣላቸው እኮ ፈሪሳዊው ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ተጽፏል። ላምጣልዎት?»

«አያችሁ፣ ጢሙ ጭንቅላቷ ውስጥ በቀለ!» አሉና ልጆቹን አሳቁብኝ። «አርፈሽ ‹ይገደሉ› በይ።»

ድራማው በሚቀርብበት የበዓል ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተራዬ ሲደርስ «እነዚህን ሰዎች ልቀቋቸው!» አልኩ። መልአኩ መግቢያው ጠፍቶት ክንፉን እንደያዘ ቀረ፣ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ታደሰ መድረኩ ላይ ወጥተው ጢሙን ከነቆዳዬ ላጡት። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ሰናይትን አየኋት። «እውነቷን ነው፣ እኔም አንብቤዋለሁ» ብትል ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መሬት አየች። እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ተባረርኩ።

በሳምንቱ ቦኖው ጋ ስደርስ «ፈሪሳዊ መጣች፣ ባልዲያችሁን አርቁ!» ያለችው ራሷ ሰናይት ናት። ሁሉም አራቁ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ግራ ገብቷቸው «ያ ረቢ! ልጄ፣ ይሄ ፈሪሳዊ የሚሉት በሽታ ይጋባል እንዴ?» አሉኝ። ባልዲያቸውን ግን ከኔ ባልዲ አጠገብ አስቀመጡ።

ባለፈው ዓመት ለዘገባ ሮቤ ሄጄ መናኸሪያው ውስጥ ሰናይትን አገኘኋት። አቅፋኝ «ያን ቀን እንዴት እንዳሳቅሽን!» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ሚኒስትርም ነጋዴም ጠይቄያለሁ፤ እሷን ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ያሳየሁሽን አንብበሽው ነበር?»

«አንብቤዋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዴ! ጴጥሮስነቴን ቢነጥቁኝስ?» አለችና ከት ብላ ሳቀች።

በልጅነቴ ቢሆን ኖሮ ባልዲዬን ጥዬ እያለቀስኩ እሮጥ ነበር። አሁን ግን ወደ አጋርፋ የሚወስዳት መኪና እስኪሞላ ዕቃዋን ይዤላት ቆየሁ። ስትሰናበተኝ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። እኔ ግን ይቅር አላልኳትም።