የአጎቴ ማርሚታ

ጎተራ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ ለሞተር ሳይክሉ ጯሂ ማርሚታ ገጠመ። አዲሱ ጭስ ማውጫ ሲግል የሸተተኝ የተቃጠለ ዘይት ልጅነቴን፣ ካዛንቺስን አመጣብኝ።

አጎቴም ደህናውን ማርሚታ ፈቶ ጥሎ እንዲህ ያለውን ገጠመ። ያን ቀን አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ሞተው ድንኳን ተጥሏል። ሞተሩን ሲያስነሳው ለቅሶው ቀጥ አለ፤ ሰው ከድንኳኑ ብቅ ብቅ እያለ አየው። እሱ ፈገግ ብሎ ነዳጅ ጨመረለት።

«ለምን ዝም ትይዋለሽ?» አልኳት እናቴን።

ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃለች። «ተወው፤ ሰው ዞር ብሎ ካየው የተከበረ ይመስለዋል።»

ያኔ ያዘነችለት መስሎኝ ነበር።

ጎረቤቴ ሞተሩን እያስጓራ ማን እንዳየው በረንዳ በረንዳውን ይቃኛል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነው፤ ዞር አላልኩም።